የበሩ መቃን የተቀባበት ሳምንት

እኔ ወደዚህ መንገድ ከመምጣቴ በፊት ሰዎች ምን ይለብሱ እንደነበር አላውቅም። አንድ ነገር ጣል ያደርጉ ነበር መሰለኝ፤ ልብስ ግን አይባልም። የወንዶች ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው፤ ስታዩኝ አርባ ትሉኛላችሁ፤ ካውያ ይዤ ካያችሁኝ ደግሞ ሠላሳ ስምንት። በእጄ ያለፈው ሱሪ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ሚስቴ "ባሕሩን ተወውና አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ቢደርስ ነው" ትላለች። ቁጥር ላይ ንፉግ ናት። ጎረቤቶቼ የምናገረውን ሁሉ ለአሥር አካፍለው ነው የሚሰሙት፤ እሷ ለሃያ ታካፍላለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውም እንደ እኔ ስሌት አምስት መቶ ሃያ ዓመት ቢሆንባት ነው ትላለች።

ዝናዬ ግን ከሱሪ ብዛት የመጣ አይደለም። እኔ ሜትር አልይዝም፤ በዓይኔ ነው የምለካው። ደንበኛው ገብቶ "እንደምን ዋልክ" ብሎ ሳይጨርስ ቁመቱን፣ ትከሻውን፣ የእጁን ርዝመት ወስጄ ጨርሻለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከመንገዱ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ጋር አፍ ስንካፈት፣ ሜትሬን ከአንገቴ መንጭቄ አራት መቶ ሰው እያየ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ሚስቴ ግን "እዚያ የነበሩት ሰዎች አራት ናቸው፣ ከአራቱም አንዱ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር" ትላለች። ያም ሆነ ይህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዶው ሰው "ባለሜትሩ" ተባለ፤ እኔ "ባለዓይኑ"። እሱ እስከ ዛሬ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚውለው፤ ምሳ ሲበላም አያወልቀውም።

አሁን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የሱቄ በር ጠባብ ነው። ደንበኛ ሲመጣ "እስቲ በሩ ላይ ይቁሙ፣ ብርሃን ይምታዎት" እላለሁ። ብርሃኑ ሰበብ ነው። በግራና በቀኝ መቃኑ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ ከአናት ባለው ጉበንም ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ በእስክሪብቶ የነጠብኳቸው ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ። በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ፣ በየአሥሩ ትንሽ ወፈር ያለ። ሰውየው ፀሐይ ሲሞቅ እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነጥብ እቆጥራለሁ። የደረቱን ዙሪያ ደግሞ የማገኘው በእቅፍ ነው። ደንበኛዬን ሁሉ ጠፍቶ እንደተገኘ ወንድም አቅፈዋለሁ፤ ጣቶቼ ከጀርባው የት ላይ እንደሚገናኙ አይቼ ልኩን እይዛለሁ። "እንዴት ያለ ፍቅር ያለው ሰው ነው!" ይሉኛል። ፍቅርስ አለኝ፤ ዘጠና ስድስት ሳንቲ ሜትር ፍቅር።

በዚህ ሥራ ስለ ወንድ ልጅ የተማርኩትን የትም ትምህርት ቤት አያስተምሩም። ልትለካው ነው ስትለው ሆዱን ወደ ጀርባው ይልከዋል። ትንፋሹን ይይዛል፣ አገጩን ያነሳል፣ አምስት ዓመት ያህል ወጣት ይሆናል። ልብሱን በዚያ ልክ ከሰፋህለት በሚቀጥለው ቀን ተንፍሶ ይመጣና "አጠበበኝ" ይልሃል። ስለዚህ እኔ ያየሁት ሆድ ላይ ሁልጊዜ አራት ሳንቲ ሜትር እጨምራለሁ፤ ለትንፋሽ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ሁሉም የሚለኝ "ከስቻለሁ መሰለኝ፣ ልብስህ ይመቸኛል" ነው።

የነጥቦቹን ነገር ሚስቴ እንኳ አታውቅም ነበር። አለማወቋ ነው ሰኞ ዕለት ጉድ የሠራኝ።

ሰኞ ጠዋት የኮት ገበር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በርጩማ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ብሩሽ ይዛ። ማድ ቤታችንን ስንቀባ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነበረን። ግማሹ ሻሿ ላይ፣ ግማሹ በሩ ላይ ነው።

"ሳትመጣ ልጨርስልህ ብዬ ነበር" አለች።

"ምን... ምን እያደረግሽ ነው?"

"አይታይህም? አንተ ባለዓይኑ!"

"መቃኑን ምን አደረግሽው?"

"ያ ሁሉ የዝንብ ኩስ! ደንበኛ እዚያ መሐል ስታቆም አታፍርም? በሳሙና ብለው ብለው እምቢ አለኝ። ምን ዓይነት ሥርዓት ያለው ዝንብ እንደሆነ እንጃ፣ ተሰልፎ ነው የጣለው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ነው ያስለቀቅኩት።" ብሩሿን አውርዳ ትክ ብላ አየችኝ። "ምነው? አላማረም?"

የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ወለሉ ላይ ዱቄት ሆኖ ተኝቷል፤ መጥረጊያው አጠገቡ ቆሟል። እውነቱን እንዳልናገር ምስጢሬ ነው። እንዳልቆጣት ደግሞ ለእኔ ብላ በርጩማ ላይ የወጣች ሴት ናት፤ ከፍታ ደግሞ ትፈራለች።

"አምሯል" አልኩ። "እንዲህ ያለ በር በዚህ ከተማ የለም።"

"ለሃያ ሳካፍለውም ጥሩ ነው" አለችና ወደ ቀለሟ ተመለሰች።

ማክሰኞ ራሴን አጽናናሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ነጥብ የቆጠረ ዓይን፣ ነጥቦቹ ቢጠፉ እንኳ ውስጡ ቀርተውለት ይሆናል አልኩ። ሙከራውን በመድኃኒት ሻጩ ጎረቤቴ ሱሪ ጀመርኩ። አረንጓዴው በር መሐል አቆምኩት፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሁለተኛውንም ጨፈንኩ፤ ከዚያ ቆረጥኩ። ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ሲለብሰው የሱሪው ጫፍ ከጫማው አራት ጣት ሽቅብ ቀረ። ጅረት ሊሻገር ሱሪውን የሰበሰበ ሰው መሰለ።

"አላጠረም?" አለኝ ጎንበስ ብሎ እያየ።

"አጠረ? ወንድሜ፣ አንተ ከመድኃኒት ቤትህ አትወጣም መሰለኝ። የዘንድሮ አቆራረጥ እኮ ነው። ካልሲ እንዲታይ።"

"ካልሲዬ ቀዳዳ ነው።"

"እሱን እኔ አልሰፋሁትም።"

ደረቱን ነፍቶ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው በሙሉ መጥቶ "የመድኃኒት ሻጩን ዓይነት ስፋልኝ" አለኝ። ከተማው በሙሉ ማለት ሁለት ሰው ነው፤ አንዱም ወንድሙ ነው። እኔ ግን ልቤ ያውቀዋል። ዓይኔ ውስጥ አንድም ነጥብ አልቀረም።

ጋሽ ደወል የመጡት በዚሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ደወል ከእኛ መንገድ ራስጌ ባለው ትምህርት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት ደወል የደወሉ ሰው ናቸው። ደወሉ ትልቅ ነው፤ በገመድ ነው የሚጎተተው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ እጅ ሲጎትቱት ቀኝ ትከሻቸው ወደታች ወረደ። ከሩቅ ሲመጡ የማይታይ ባልዲ የተሸከሙ ይመስላሉ። ሁልጊዜ በካኪ ቱታ ነው የማውቃቸው። ያን ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ውስጥ አለ።

እንደ ልማዴ ዘልዬ አቀፍኳቸው። ደረት፣ ዘጠና ሁለት። እሱን እንኳ አላጣሁም።

"ቅዳሜ ሊሸኙኝ ነው" አሉ ጋዜጣውን እየፈቱ። "ጡረታ ወጣሁ። ወላጅ ሁሉ ይመጣል፤ ንግግር አድርግ ብለውኛል። ይቺን ደግሞ ልጄ ላከችልኝ።"

ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ስዳስሰው እጄ ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው በየቀኑ አይመጣም።

"የምትሠራው ጨርቅ ፋብሪካ ነው" አሉ። "ከራሷ የሽመና መኪና ላይ የወጣ ነው። አለቃዋን ለምና ሦስት ሜትር አስቆረጠች። ይበቃል?"

"ለሁለት ሰው!" አልኩ። ለአንድ ሰው ልክክ ብሎ ቢበቃ ነው። አንድ መቀስ ከሳተ ሌላ የሚተካው የለም።

ጋሽ ደወል ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ባለሜትሩ ጋ ሄጄ ነበር። አልደብቅህም። ሜትሩን ጀርባዬ ላይ ዘረጋና 'ኧረ ይሄኛው ትከሻ የት ሄደ?' አለ፣ ጮክ ብሎ። ክፋት የለውም ሰውየው፤ አፉ ነው። ሰው ግን ሳቀ። ጨርቄን አንስቼ ወጣሁ።"

"ያ ባለጌ!"

"ልጆቹ ከኋላዬ ትከሻቸውን ጥለው ነው የሚሄዱት። አልቀየማቸውም፣ ልጆች ናቸው። ግን ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ሰው በሚያየኝ ፊት፣ ለአንድ ቀን ቀጥ ብዬ ልቁም። አንተ ደግሞ አትለካም አሉ። አይተህ ዝም ትላለህ አሉ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

አንጀቴን በሉት። አረንጓዴው መቃን መሐል አቆምኳቸው፤ ቀኙን አየሁ፣ ግራውን አየሁ። አንዱ ትከሻ ወርዷል፤ ምን ያህል እንደወረደ ግን የሚነግረኝ የለም። መቃኑ እንደ ሰላጣ ቅጠል ለስልሶ ያየኛል።

"ጨረስክ?" አሉ።

"ድሮ!" አልኩ። "እንዲያውም ገና ከመንገዱ ሲመጡ ነው የጨረስኩት።"

ሐሙስ ጠዋት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መቀሱን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ከፈትኩት። ዘጋሁት። የዘጋሁት አንድ ሺህ ጊዜ ነው፤ ይህችን ግን ማንም እንዳያካፍልብኝ። የመድኃኒት ሻጩ ቁርጭምጭሚት ዓይኔ ላይ ይመጣል። የእሱን ሱሪ በጉራ ማስረዘም ይቻላል፤ የጋሽ ደወልን ትከሻ ግን በምን ጉራ አቀናዋለሁ?

መቀሱን አስቀምጬ መንገዱን ተሻገርኩ። መንገዱ ስምንት እርምጃ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ስምንት እርምጃ ተራምጄው አላውቅም፤ የሚያስፈልገኝን ነገር ሁሉ ሩቅ ዞሬ ነው የምገዛው።

ባለሜትሩ ሲያየኝ የስፌት መኪናውን አቆመ።

"እንግዳ መጣልን!" አለ። "ዓይንህን አመመህ እንዴ?"

"ዓይኔ ደህና ነው። ሜትር አውሰኝ።"

እጁ አንገቱ ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ፤ መርፌው ላይ ያለው ክር እንኳ የሚያዳምጥ መሰለኝ።

"ለምን?"

"ለመጋረጃ። መጋረጃ እኮ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይወዛወዛል። በዓይን አይያዝም።"

"ሱቅህ መጋረጃ የለውም።"

"ለዚህ አይደል እንዴ የምሰፋለት? ሰውዬ፣ ታውሰኛለህ አታውሰኝም?"

ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀው። ሥሩ ፀሐይ ያላየው ቆዳ ተሸንትሮ እንደ ሁለተኛ ሜትር አንገቱን ዞሮታል። እጄ ላይ ሲያስቀምጠው ቶሎ አልለቀቀውም።

"መጋረጃውን በደንብ ለካው" አለኝ። "በተለይ ከላይ፣ ትከሻው አካባቢ።"

"መጋረጃ ትከሻ የለውም" አልኩና ወጣሁ።

ሜትሩ በእጄ ገባ፤ ግን ጋሽ ደወልን እንዴት ልለካቸው? እሳቸው የመጡት ሜትር ሸሽተው ነው። ስለዚህ አንድ ዕቅድ አወጣሁ፤ የጦር አዛዥ ቢሰማው በቅናት ይታመማል። ለደወሉ ሲዘጋጁ ከኋላቸው ተደብቄ መጥቼ፣ ሳያዩኝ፣ ሳልነካቸው፣ እለካቸዋለሁ።

የእረፍት ሰዓት ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ጋሽ ደወል ከደወሉ ሥር ቆመው ገመዱን ይዘዋል፤ ጀርባቸው ወደ እኔ ነው። በእግሬ ጣት ተራመድኩ። ሜትሩን ፈታሁ። ከአንገታቸው እስከ ቀኝ ትከሻቸው ጫፍ ዘረጋሁ። ልክ ቁጥሩን ላነብ ጎንበስ ስል ዞር አሉ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠምን።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አቧራ... አቧራ እያራገፍኩልዎ።"

"በሜትር?"

የሜትሩን ጫፍ አዩት፤ ከዚያ እኔን። ፊታቸው ጠቆረ። ባለሜትሩ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሆነው ነበር ማለት ነው። ገመዱን ለቀቁና "ጨርቄን መልስልኝ" አሉ፣ በቀስታ።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተይዣለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ትልቅ ነገር ተናግሬ አመልጣለሁ። ያን ቀንም አፌን የከፈትኩት ለዚያው ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ በዓይኔ አልለካም። ለክቼም አላውቅም። በሩ ላይ ነጥብ ነበረኝ፤ ሚስቴ የዝንብ ኩስ መስሏት ፈግፍጋ ቀባችው። አሁን ዕውር ነኝ። ጨርቅዎን በግምት ብቆርጠው አበላሸዋለሁ። የልጅዎን ጨርቅ።"

"የዝንብ ኩስ?" አሉ።

"'ተሰልፎ የጣለ ዝንብ ነው' አለች ሚስቴ።"

መጀመሪያ ሆዳቸው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ትከሻቸው፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "እቅፉስ?" አሉ ሲበርድላቸው። "ትናንት ያቀፍከኝ?"

"ዘጠና ሁለት።"

እንደገና ሳቁ። ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "እኔም ሰዓት የለኝም" አሉኝ። "የእጅ ሰዓቴ በሁለተኛው ዓመቴ ቆመ። የሒሳብ አስተማሪው ትምህርቱም እረፍቱም ሊያልቅ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በዚያ ነው የምደውለው። እሱ የታመመ ቀን ልጆቹ እስከ ምሳ አንድ ክፍል ተቀምጠው ዋሉ። ርእሰ መምህሯ 'ዛሬ ምን ያህል ትጉህ ሆናችኋል' ብላ አመሰገነቻቸው።"

የሒሳብ አስተማሪው ጉሮሮውን ሲጠርግ ከክፍሉ ተሰማ። ጋሽ ደወል ደወሉን ደወሉ። ልጆቹ ገብተው ግቢው ጭር ሲል፣ ከደወሉ ጀርባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

"ለካ" አሉ። "ቁጥሩን ጮክ ብለህ አትናገር ብቻ።"

ለካሁ። ቁጥሮቹን መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ቁመት፣ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ግራ ትከሻ። ቀኙ ላይ ስደርስ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እንደማንኛውም ወንድ።

"ምን ያህል ነው?" አሉ፣ ሳያዩኝ።

አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር። "ሁለት" አልኳቸው።

"ሁለት ብቻ?"

"ሁለት፣ እሱም ካልሞላ።" በዕድሜዬ ቁጥር ስቀንስ የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔ ደግሞ ብዙ ይመስለኝ ነበር" አሉና ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ዓርብ ሙሉ ቀን ሰፋሁ። በግራ ትከሻ ስስ ስፖንጅ፣ በቀኙ ሦስት ድርብ፤ ድርቡ እንዳይታይ እያሳሳሁ ወደ አንገቱ አወረድኩት። እንዲህ ያለ ትከሻ የሠራ ሰው በታሪክ የለም፤ ቢኖርም አልሰማሁም። ሥራው ይዞኝ ሜትሩን አንገቴ ላይ ረስቼው ኖሮ ሚስቴ ምሳ ይዛ ስትገባ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"አንገትህ ላይ ያለው።"

"ይሄ? ለመጋረጃ ነው። የሱቁን መስኮት መጋረጃ ልሰፋለት አስቤ..."

ፊቷ ላይ የወጣውን ብርሃን ብታዩ! ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስትለምነኝ ኖራለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አበባ ያለው ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ስለዚህ ዓርብ ዕለት አንድ ኮት፣ አንድ ሱሪና ሁለት መጋረጃ ሰፋሁ። ውሸት የመናገር ችግሩ ይሄ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራልሃል፣ ከዚያ አንተ ቁጭ ብለህ ትሠራዋለህ።

ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጋሽ ደወል ሊለኩት መጡ። ኮቱን ከኋላ አለበስኳቸውና መስታወቱ ፊት አቆምኳቸው። ቀጥ አሉ። ሁለቱ ትከሻዎች እንደ መደርደሪያ እኩል ናቸው፤ ብርጭቆ ብታስቀምጥባቸው አይወድቅም። ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

"ወንድሜ ይመስላል። ወንድም የለኝም እንጂ።"

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ስንት ሰው እንደነበር እናንተው ገምቱ፤ እኔ ብናገር ታካፍሉታላችሁ። ጋሽ ደወል በጥቁር ሰማያዊው ሙሉ ልብስ ሲገቡ ጉርምርምታ ተነሳ። ቀጥ ከማለታቸው የተነሳ ጀርባ ያላቸው ሳይሆን ራሳቸው ጀርባ የሆኑ ይመስላሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚያስመስሉት ትከሻ ጠፋባቸው።

ርእሰ መምህሯ "ማን ሰፋልዎ?" ስትላቸው ሰማሁ።

"ባለዓይኑ ነዋ!" አሉ ጋሽ ደወል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "አልለካኝም እኮ! ገና ከሩቅ አይቶኝ፣ በቃ፣ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም።"

እኔ እንኳ አፈርኩ። ሰውየው ያጋንናል።

ባለሜትሩ ከአጠገቤ ቆሟል፤ ሜትሩን መልሼለት አንገቱ ላይ ነው። እንደማንኛውም ባለሙያ የኮቱን ትከሻ ትክ ብሎ አየ፣ ስፌቱን አየ፣ ከዚያ ሳያየኝ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

"መጋረጃው ጥሩ ወድቋል" አለኝ።

"ዝም በል" አልኩት።

"እኔ ምን አልኩ? ድርቡን ስንት አደረግከው?"

"ሦስት።"

"አራት አደርግ ነበር" አለ። ኮቱን እንደገና አየና "ሦስቱ ይሻላል" አለ።

ንግግሩ አጭር ነበር፤ ጋሽ ደወል ማውራት አይወዱም። ከዚያ ርእሰ መምህሯ ያላሰብኩትን ነገር አመጣች። "አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ደወል ይደውሉልን!" አለች። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ያ ኮት ለመቆም የተሰፋ ነው። ለንግግር፣ ለእጅ መጨባበጥ፣ ቢበዛ ለመቀመጥ። ገመድ ለመጎተት ግን ቀኝ እጅን ሽቅብ መስደድ ይፈልጋል፤ ሦስት ድርብ ስፖንጅ ደግሞ የት ይሄዳል? ጋሽ ደወል ከደወሉ ሥር ቆሙና እጃቸውን ወደ ገመዱ ሰደዱ። የቀኙ ትከሻ ተነሳ፣ ተነሳ፣ ጆሯቸው ሥር ደረሰ። ኮቱ በአንድ በኩል ቁጢጥ ብሎ እሳቸው ከሥሩ እንደ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው።

እጃቸውን አወረዱ። ትከሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደገና ቀጥ አሉ። በዚያው ቀጥ እንዳሉ "ሌላ ሰው ይደውለው" ብለው ቢቀመጡ ማንም ምንም አይልም ነበር። ገመዱን አዩት። ሰዉን አዩት። ከዚያ አዝራራቸውን አንድ በአንድ ፈቱ፣ ኮቱን አወለቁ፣ ማን ጋ እንደሚያስቀምጡት ፈልገው እኔን አዩና መጡ።

"ያዝልኝ" አሉ።

በነጭ ሸሚዝ ብቻ ወደ ደወሉ ተመለሱ። አምስት ሳንቲ ሜትሩ ያው እንዳለ ነው፤ ፀሐይ በግልጽ እየመታው። ገመዱን ያዙና ጎተቱ። የደወሉ ድምፅ መንገዱን ሁሉ ዞረ። በሁለተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ከፊት የተሰለፉት ልጆች ቀኝ ትከሻቸውን ጣል አደረጉ። ማን እንደጀመረው እንጃ። ረድፉ ሁሉ ተከተለ፤ ከዚያ የኋለኛው ረድፍ። መቶ ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ እውነቴን ነው፣ መቶ። መምህራኑ ሊቆጡ ተነሱ።

ጋሽ ደወል አዩአቸው። "እነዚህን ሰይጣኖች ተመልከቷቸው!" አሉና ሳቁ፤ እየሳቁም ደወሉን ከሚገባው በላይ ደወሉት። ሰዉ ጆሮውን እስኪይዝ።

ሲያበቃ ኮቱን ላለብሳቸው እጅጌውን ከፍቼ ጠበቅሁ። ወስደው ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጡት፤ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሰዉን ሰላም እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። ከኋላቸው ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ይልበሱት እንጂ! ሰው ይየው! እኔ ለክንድ አይደለም የሰፋሁት።"

"አይተውታል" አሉ ሳይቆሙ። "አሁን አቧራ ይነካዋል። ልጄ ስትመጣ እለብሰዋለሁ።"

"ልጅዎ ስትመጣ ቀጥ ብለው ታይዎታለች፣ ጥሩ።"

"እሷ ትከሻዬን ታውቀዋለች፤ እላዩ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው" አሉ። ጨርቁን በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አደረጉት። "የምታየው ጨርቋን ነው።"

ኮቱ መሬት እንዳይነካ ጫፉን ይዤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።